ስለ ቀጭኑ ሽሮ የጻፍኩት ዘፈን

ለመጀመሪያው ሙዚቃዊ ድራማችን ሰባት ዘፈኖች ጻፍኩ። ከሰባቱ በአምስቱ ውስጥ የሚበላ ወይም የሚጠጣ ነገር አለ። ይህን ያስተዋለው ዜማውን የሠራው የሥራ ባልደረባዬ ነው። እሱ በፋብሪካችን ፎርክሊፍት ይነዳል፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ ኪቦርድ ይጫወታል። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላብጦ ካነበበ በኋላ ቀና ብሎ አየኝና፣

«አንቺ፣ ርቦሽ ነው እንዴ የጻፍሽው?» አለኝ።

ሳቅኩ። መልሼ ሳነበው ግን እውነቱን ነው። እናት ልጇን ወደ ከተማ ስትሸኝ የምትዘፍነው በስንቅ ስለቋጠረችለት ዳቦ ቆሎ ነው። ልጁ የወደዳትን ልጅ ሲያገኝ አንድ ብርጭቆ ሻይ ለሁለት ስለ መጠጣት ይዘፍናል። ጓደኞቹ ጠላ ቤት ተቀምጠው ያሾፉበታል። መጨረሻ ላይ ሰርግ አለ፤ ሰርግ ካለ ጠጅ አለ። አምስተኛው የካፍቴሪያው ዘፈን ነው። እዚህ የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

የምሠራው ከቃሊቲ ወደ አቃቂ ሲኬድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ነው። ማሸጊያ ክፍል ነኝ። ትምህርት ቤት እያለሁ ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ነበርኩ፤ ግጥም መጻፍ የጀመርኩት እዚያ ነው። አንድ ጊዜ በወላጆች ቀን ከእኛ ከፍ ያሉ ተማሪዎች በዘፈን የታጀበ ቴአትር ሠሩ። አንዲት ልጅ ባዶ ሳህን ይዛ ስለ ትኩስ ዳቦ ዘፈነች። ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ምራቁን ሲውጥ ሰማሁት። ሳህኑ ባዶ መሆኑን እሱም ያያል፤ ግን ዋጠ። ስለ ፍቅር ሲዘፈን ሰው በጨዋነት ያዳምጣል፤ ስለ ምግብ ሲዘፈን ግን አዳራሹ ይነቃል። ይህን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ፋብሪካው ውስጥ የኪነት ቡድን ሲቋቋምና ጻፊ ስባል ያን ልጅ አልረሳሁትም።

ድራማው ከገጠር መጥቶ ፋብሪካ ስለሚቀጠር ወጣት ነው። ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ቀን ለምሳ ይሰለፋል። ሰው እዚህ ጋ መሳቅ አለበት ብዬ አሰብኩ። ፋብሪካችን ውስጥ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚስቅበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የካፍቴሪያው ሽሮ። ቀጭን ነው። አንዳንድ ቀን እንጀራው ላይ ሲፈስ እስከ ጠርዝ ሄዶ ከትሪው ይወርዳል። ግጥሙን የጻፍኩት ወደ ቤቴ ወደ ቱሉ ዲምቱ ስሄድ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ስልኬ ላይ ነው። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም፦

ጎንበስ ብዬ ባየው ሳህኔን በምሳ፣
ፊቴ ታየኝ ጠርቶ እስከነ ጠባሳ፤
ይበላል ይጠጣል ብዬ ብጠይቅሳ፣
እንጀራውን ትተው ሰጡኝ አንድ ጣሳ።

ፎርክሊፍት ነጂው ሲያነበው ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። እዚያው ተቀምጦ ዜማ አወጣለት፤ ፈጣን፣ ለማጨብጨብ የሚመች። የመጨረሻውን ስንኝ ሦስት ጊዜ እንዲደጋገም አደረገው። ከሁሉም ዘፈኖቼ የሚያምረው እሱ ነበር። ዛሬም ቢሆን እሱ ይመስለኛል።

የካፍቴሪያውን ወጥ የሚሠሩት አንድ ሴት ነበሩ። ዕድሜያቸው ሃምሳ አምስትን አልፏል፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ወሬ የማያበዙ። ፋብሪካው ውስጥ የማያውቃቸው የለም፤ ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ወጥ የሚያወጡት በመስኮት ነው። መስኮቱ የእንጨት መዝጊያ አለው፤ ምሳ ሲደርስ ይከፈታል፣ ሲያልቅ ይዘጋል። እኔ በበኩሌ ለሦስት ዓመት ያየሁት እጃቸውንና ጭልፋውን ነው። ፊታቸውን ቀና ብዬ አይቼ አላውቅም ብል ይቀላል።

ድራማውን ያሳየነው ፋብሪካው የተመሠረተበት ቀን ሲከበር ነው። ሌላ አዳራሽ ስለሌለን ካፍቴሪያው ውስጥ ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን፣ ከፊት ለፊት የዕቃ ማስቀመጫ እንጨቶች ደርድረን መድረክ ሠራን። ተመልካቹ ፊቱን ወደ መድረኩ፣ ጀርባውን ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት አድርጎ ተቀመጠ። እትዬ የበዓሉን ምሳ እየሠሩ ስለነበር መስኮቱን ከፍተው፣ ክርናቸውን ደፉ ላይ አድርገው ያያሉ። እናትየው የዳቦ ቆሎውን ዘፈን ስትዘፍን በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ ከመድረኩ ጎን ሆኜ አየሁ። ደስ አለኝ። ዘፈኔ ሰው ሲያስለቅስ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ከዚያ የካፍቴሪያው ዘፈን መጣ። ገና «ጎንበስ ብዬ ባየው» ሲባል አዳራሹ ገባው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳቁ ኪቦርዱን ሸፈነው። «ሰጡኝ አንድ ጣሳ» ሲባል ደግሞ መጀመሪያ አንድ ሰው ወደ ኋላ ዞረ፤ ቀጥሎ አጠገቡ ያለው፤ ቀጥሎ ረድፉ በሙሉ። ዘፈኑ ሲደጋገም ሁሉም ዞረው፣ መስኮቱን እያዩ፣ እያጨበጨቡ ይዘፍኑ ነበር። አንዱ ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ ባዶ ጣሳ አንስቶ ወደ መስኮቱ ዘረጋ።

እትዬ መጀመሪያ ፈገግ ብለው ነበር። ይህን አልረሳውም። ሰው ወደ እሳቸው ሲዞር ፈገግታው ፊታቸው ላይ ቆየ፤ ምን እንደሚያደርጉበት ያጡ ይመስል። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የመስኮቱን መዝጊያ ሳቡት። ቀስ ብለው ነው የዘጉት።

ድራማው ሲያልቅ ጭብጨባው ልክ አልነበረውም። ሥራ አስኪያጁ ጨበጡኝ። ከዚያ መስኮቱ ተከፈተና ምሳ ወጣ፤ የበሬ ሥጋ ቀይ ወጥ፣ ወፍራም። ተራዬ ሲደርስ እትዬ ለሌላው ሰው ያወጡትን ያህል አወጡልኝ። አላነሱብኝም፣ አልጨመሩልኝም። ትሪዬን ይዤ ሄድኩ።

በማግስቱ ነገሩ ያበቃል ብዬ ነበር። አላበቃም። አንድ ሰው ዘፈኑን በስልኩ ቀርጾ የሠራተኞቹ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቆት ነበር። ሰርቪስ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ይዘፈናል። ከማሽን ክፍል የመጡ ልጆች ጣሳ ይዘው ይሰለፉ ጀመር፤ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ጣሳውን ይዘረጋሉ፣ ከኋላ ያለው ይስቃል። እኔም ሳቄን መቆጣጠር ያቃተኝ ቀን ነበር። «አንቺ ነሽ አይደል የጻፍሽው?» እያሉ ሰዎች ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉኛል። ደስ አይለኝም ነበር ብል ውሸት ነው።

ሁለት ሳምንት ያህል እንደዚህ ሄደ። ከዚያ አንድ ሰኞ ሽሮው ወፈረ። እንጀራው ላይ ሲወጣ ተቆልሎ ይቀመጣል። ሰው «ዘፈኑ ሠራ!» እያለ በላ። ማክሰኞም ወፍራም ነበር። ረቡዕ የማሸጊያ ማሽኑ ተበላሽቶ ስለቆየሁ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ደረስኩ። ከእኔ ኋላ የነበሩት ጫኝና አውራጆች ብቻ ናቸው፤ መኪና ሲመጣ ከበር ላይ ተጠርተው ሳሙና የሚጭኑ የቀን ሠራተኞች። መስኮቱ ጋ ልደርስ ሦስት ሰው ሲቀረኝ መዝጊያው ተዘጋ።

«አለቀ» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

ዞር ስል ጫኞቹ አልተገረሙም። አንዱ ጎልማሳ፣ ማዳበሪያ ጆንያ እንደ ካባ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ፣ «ዛሬም አለቀ» ብሎ ለጓደኞቹ ነገራቸውና ተበተኑ። ሦስተኛ ቀናቸው እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ወደ ወጥ ቤቱ የኋላ በር ዞሬ ሄድኩ። እትዬ ትልቁን ብረት ድስት አጋድመው እያጠቡ ነበር።

«እትዬ፣ አለቀ እንዴ?»

«አለቀ።»

«ሰው እኮ ገና አልበላም።»

ቀና ሳይሉ፣ «ወፍራም ፈለጋችሁ፤ ወፍራም ሠራሁላችሁ» አሉኝ።

ልሂድ ወይስ ልቁም ስል እሳቸው እጃቸውን በሽርጣቸው አድርቀው ወደ እኔ ዞሩ።

«ዘፈኑን የጻፍሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

«አዎ።»

«ጎበዝ ነሽ። ቤት ይመታል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። እርስዎን ብዬ አልነበረም፣ ሽሮውን ነው…»

«ሽሮው በራሱ ነው እንዴ የሚሠራው?» አሉ። ድምፃቸውን አላነሱም። «ወጥ ቤት ገብተሽ ታውቂያለሽ?»

«እዚህ? አላውቅም።»

«ታዲያ ስለማታውቂው ነገር እንዴት ጻፍሽ?»

«ስለ በላሁት ነው የጻፍኩት» አልኩ። መልስ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

«የበላሽውን ጻፍሽ» አሉኝ። «ያበላሁትን አልጻፍሽም።» ከዚያ ወደ ድስቱ ተመለሱ። በሩ ላይ ቆሜ እንዳለሁ ሲያዩ፣ «ቅዳሜ ጠዋት ነይ። ደብተር ምናምን እንዳትይዢ፤ እጅሽን ታጥበሽ ነይ» አሉ።

ቅዳሜ ዕረፍቴ ስለነበር ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጥ ቤቱ ውስጥ ነበርኩ። ሽንኩርት አስከተፉኝ። አንድ ጆንያ ሙሉ ሽንኩርት ነው፤ ሲያልቅ ፊቴ አብጦ ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ የስቶሩ ሠራተኛ መጥቶ ሽሮውን፣ ዘይቱንና በርበሬውን እየመዘነ አስረከበ። በወረቀት ላይ የሠራተኞች ዝርዝርና ቁጥር አለ፤ የሚመዘነው በዚያ ቁጥር ልክ ነው። እትዬ ቆመው አዩና ፈረሙ። ሽንኩርቱን ሲያቁላሉ፣ ዱቄቱን ሲበጠብጡ፣ በእንጨት ማማሰያ ሲያማስሉ ያለማቋረጥ ይቀምሳሉ። አስቀመሱኝ። ወፍራምና ጥሩ ነበር።

«ጨው ያንሳል?» አሉኝ።

«ትንሽ ያንሳል መሰለኝ።»

«አያንስም። እናንተ ሳሙናው ሽታ ውስጥ ስትውሉ አፍንጫችሁ ይደነዝዛል። አንቺ ዛሬ ማሽኑ ጋ ስላልዋልሽ ትንሽ አነሰሽ፤ ሌላ ቀን ቢሆን ጭራሽ አልጫ ነው የምትዪው። ለእናንተ ብዬ ሳበዛ ደግሞ የቢሮዎቹ ጨው በዛ ይላሉ።»

ከድስቱ አጠገብ ሌላ ምድጃ ላይ አንድ ማሰሮ ውሃ ከጠዋት ጀምሮ ይንተከተካል። ለሻይ መስሎኝ ነበር። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን እትዬ መዝጊያውን በትንሹ ገርበብ አድርገው ወደ ውጭ አዩ። እኔም በትከሻቸው በኩል አየሁ። መኪና መጥቷል፤ ጫኞቹ በጥላው ሥር ተቀምጠው ምሳ ሰዓት ይጠብቃሉ። እትዬ በከንፈራቸው ቆጠሩ። ከዚያ ከሚፈላው ውሃ በጭልፋ እየቀዱ ወደ ሽሮው ጨመሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እያማሰሉ ጠበቁ። አየት አደረጉና አራተኛ ጨመሩ።

«እነሱ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም?» አልኳቸው።

«ዝርዝሩን እኔ አልጻፍኩትም።»

«ስቶሩ ቢያውቅስ?»

«ስቶሩ ዱቄት ነው የሚመዝነው። ውሃ አይመዝንም።» ማማሰያውን ሰጡኝ። «ይህን ያዢ፣ እንዳይጓጉል። የፈላ መሆን አለበት፤ ቀዝቃዛ ከጨመርሽበት ጥሬ ጥሬ ይላል። የፈላ ከሆነ ይዋሃዳል።»

አማሰልኩ። እሳቸው እኔን ሳይሆን ድስቱን እያዩ፣ «ሦስት ቀን ሙሉ አኮረፍኩ» አሉ። «ያኮረፍኩት በእናንተ፣ የተራቡት እነሱ። ሐሙስ ዕለት ነው የተውኩት።»

ያን ቀን ምሳ ሁሉም በላ። ሽሮው ቀጭን ነበር። አንድ ልጅ ጣሳ ይዞ መጣ፤ ከመስኮቱ ውስጥ እኔን ሲያየኝ ግራ ገባውና ጣሳውን ከኋላው ደበቀ።

ዘፈኑን መለወጥ እንዳለብኝ አወቅኩ፤ እንዴት እንደምለውጠው ግን አላወቅኩም። ቀልዱ ሃያ ደቂቃ ነው የወሰደብኝ፤ ይሄኛው አንድ ወር ፈጀ። ማመስገን ፈልጌ ስጽፍ የቀብር ንግግር ይመስላል። መጨረሻ ላይ ያየሁትን ብቻ ልጻፍ ብዬ፣ «ሰልፉን አየችና በመስኮት አሾልቃ፣ ፍል ውሃ ጨመረች ለሁሉ እንዲበቃ» አልኩ። ፎርክሊፍት ነጂው አንብቦ፣

«ፍል ውሃ ስትዪ ሰው ሻወር ልትወስዳቸው ነው የሚመስለው» አለ።

ሳቅን። ከዚያ ወጥ ቤት ያየሁትን ነገርኩት። ሽሮው የሚቀጥነው ለማን እንደሆነ እሱም አያውቅም ነበር፤ ጫኞቹ የሚሸከሙትን ሳሙና ግን በፎርክሊፍቱ የሚያቀርብላቸው እሱ ነው። ዜማውን ሳይለውጥ ፍጥነቱን ብቻ ቀነሰው።

ለእትዬ አነበብኩላቸው። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ እጃቸውን አጣምረው አዳመጡ፦

ሰልፉን አየችና በመስኮት አሾልቃ፣
የፈላ ጨመረች ለሁሉ እንዲበቃ፤
ወጡ ቢቀጥን እንኳ አልቀጠነም እጇ፣
ጾሙን የዋለ ሰው አልወጣም ከደጇ።

«በዘፈን ጊዜ 'እሷ' ሆንኩ?» አሉ።

«'አሾልቀው' ካልኩ ቤት አይመታም እትዬ።»

«ይሁን፣ ወጣት አደረግሽኝ።» «ቀጥሎስ? እነሱን ታነሻቸዋለሽ?»

ጫኞቹን ማለታቸው ነው። የሚቀጥለውን ስንኝ ጽፌ ነበር፤ ስለ ጆንያውና ስለ ትከሻው፣ ስለ ዝርዝሩ የሚናገር። ከሁሉም ያ ይሻላል ብዬ አስብ ነበር። አነበብኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህን ከዘፈኑ አውጪው። ቤት ይመታል፣ ያምራል፤ ግን ስቶሩ ከሰማው ከዚያ ቀን ጀምሮ አይበሉም። ለሁሉ ብለሻል፣ ይበቃል። ማን ማን እንደሆነ አትዘርዝሪ።»

አወጣሁት።

በሠራተኞች ቀን ድራማውን በድጋሚ አሳየን፤ እዚያው ካፍቴሪያ ውስጥ። ሰው የመጣው የድሮውን ሊሰማ ነው። ጣሳ የያዙም ነበሩ። ዜማው ሲጀመር አጨበጨቡ፤ ግጥሙ ሌላ መሆኑን ሲሰሙ ጭብጨባው ተንጠባጥቦ ቆመ። ከኋላ ጥቂት ልጆች የድሮውን ጀምረው ነበር፤ ዘፋኙ አልተደናገጠም፣ ቀጠለ። ሲጨርስ አዳራሹ ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ ምን እንደነበር እስካሁን አላውቅም። የገባቸው ነበሩ፤ ቀልዱ ስለቀረባቸው ያዘኑም ነበሩ። መስኮቱ ዝግ ነበር። እትዬ የመጀመሪያው ዘፈን የተዘፈነ ቀን የዘጉትን መዝጊያ በትርኢት ጊዜ ከዚያ በኋላ አልከፈቱም።

ሰኞ ምሳ ሲያወጡልኝ፣ «ሳቁ?» አሉኝ።

«አልሳቁም። ዝም አሉ።»

«እኔ ከውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ግጥሙ ይሻላል» አሉና ጭልፋውን ድስቱ አፍ ላይ አራግፈው፣ «ዜማውን ግን ለምን አዘገያችሁት? ፈጣኑ ያምር ነበር። ሳማስል እሱን ነው የማንጎራጉረው» አሉ።

የድሮው ግጥም ጠፋ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልጠፋም። አዲስ የሚቀጠር ሰው ሁሉ በሰርቪስ ውስጥ ይማረዋል፤ ማን እንደጻፈው እንኳ አያውቁም። አንድ ጊዜ ከአፍ የወጣ ዘፈን ጸሐፊውን አይሰማም። እኔ ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሁለት ድራማዎች ጽፌያለሁ። ምግብና መጠጥ አሁንም ይበዛባቸዋል፤ ልማዴ ሆኗል። አንድ ነገር ግን ለውጫለሁ፤ አንድ ዘፈን ውስጥ ሳህን ወይም ብርጭቆ ከገባ፣ ከመዝፈናችን በፊት ማን እንዳቀረበው ሄጄ እጠይቃለሁ። አንዳንዴ የሚነገረኝ ነገር የጻፍኩትን በሙሉ ያስጥለኛል።

እትዬ አምና ጡረታ ወጡ። ይህን አሁን መጻፍ የቻልኩትም ለዚያ ነው። እሳቸው ከመውጣታቸው በፊት ስቶሩ የሚመዝንበት ዝርዝር ተስተካክሎ የቀን ሠራተኞችም እንዲገቡበት ተደርጓል። ማን እንዳስተካከለው አላውቅም፤ እሳቸው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሲገቡ ያዩ ሰዎች አሉ፤ ስጠይቃቸው ግን «እኔ ምን አውቄ» ነው ያሉኝ።

በቅርቡ ያን ጆንያ የሚለብሰውን ጫኝ በመኪና ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። በሠራተኞች ቀን በር ላይ ቆሞ ድራማውን እንዳየ ነገረኝ። ሰላም ተባብለን ልሄድ ስል፣

«ዘፈኑ ውስጥ እኛ የለንም አይደል?» አለኝ።

«የላችሁም» አልኩት።

«ለሁሉ ሲል ግን እኛን መሆኑን አውቀናል» አለ። ከዚያ መኪናው ሊጫን ስለተጠራ ተነሥቶ ሄደ።